ያልወለደች አራስ

ሰው ሁሉ ቦታ ይለቅላት ነበር። ከኮኪት መተማ ዮሐንስ በሚመላለሰው ሚኒባስ አየሁሽ ገና እግሯን ስታነሳ፣ ሰሊጥ ሲያጭድ የከረመ ጎረምሳ ሳይቀር ብድግ ይልና «ነይ እናት፣ እዚህ ተቀመጭ» ይላታል። ባጃጅ ነጂው ጉድጓድ ሲያይ ለእሷ ሲል ቀስ ይላል። ወፍጮ ቤት ወረፋ አይይዛትም። ይህ ሁሉ ክብር ለሆዷ ነበር። ሆዷ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም።

መንትዮቿን ከወለደች አራት ዓመት ሆኗታል። ልጆቹ ወጡ፣ ሆዱ ቀረ። ፊቷ ከስቶ፣ ክንዷ ቀጥኖ፣ ከእምብርቷ በታች ያለው ቆዳ ብቻ እንደ ባዶ ጆንያ ተንጠልጥሎ ይኖራል። በኮኪት ሙቀት ደግሞ ቆዳ ከቆዳ ጋር ሲፋተግ ይቆስላል፤ ሚያዝያ ላይ በመሃሉ ጨርቅ ሳታስገባ ከቤት አትወጣም። ሥራዋ ጆንያ ነው። ያረጀውን ከየእርሻው ትሰበስባለች፣ የተቀደደውን በወፍራም መርፌና በሲባጎ ትጠቅማለች፣ ሰሊጥ ሲደርስ ለባለሀብቶቹ መልሳ ትሸጣለች። ጎንበስ ባለች ቁጥር ወገቧ ይቆረጣል። የሆዷ ጡንቻ መሃል ለመሃል ተለያይቶ እንደቀረና ወገቧ ደጋፊ እንዳጣ የነገሯት ጤና ጣቢያ ነው። እስከዚያ ድረስ እግዜር የቀጣት ይመስላት ነበር፤ በምን ጥፋቷ እንደሆነ ግን አልገባትም።

«ስንት ወር ሆነሽ?» ለሚላት ሁሉ መጀመሪያ መጀመሪያ «ኧረ እርጉዝ አይደለሁም» ትል ነበር። ጠያቂው ያፍራል፣ እሷም ታፍራለች፣ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ግን ከመኪና ጆንያ ስታወርድ ውላ፣ ላቧ በጀርባዋ እየወረደ፣ ጎረቤቷ እትዬ ሰርኬ ከበራቸው ሆነው ጮኹባት።

«አንች ልጅ፣ ተይ ይህን ሸክም! ለመሆኑ ስንት ወር ገባሽ?»

ማስተባበል ደከማት። «ሰባት» አለች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እትዬ ሰርኬ የሰፈሩን ወላድ ሁሉ ገንፎ እያገነፉ ያረሱ አሮጊት ናቸው፤ እሳቸው ያወቁትን ኮኪት ለማወቅ አንድ ገበያ አይፈጅበትም። አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ሆድ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች እንዴት አመኗት ብትሉኝ፣ ሰው ቀድሞ ያሰበውን ሲነግሩት አይመረምርም ነው መልሱ። አየሁሽም ብታስበው ውሸቱ የሚመች ሆኖ አገኘችው። ጥር ላይ አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ሄዳ በኦፕሬሽን ሆዷን ልታሰፋ ቀጠሮ ይዛለች። «ልትወልድ ሄደች» ቢሉ ምን ገዷት? «የልጆች እናት ሆና ለቁንጅና ስትል ሆዷን አስቀደደች» ከሚሉ ይሻላል። ከኮኪት እውነቱን የሚያውቅ ባሏ ሸጋው ብቻ ነበር፤ እሱም ትራክተር ነጂ ነውና የዓመቱን ግማሽ በረሃ ነው።

«እኔ እንደሆንሁ ሆድሽን አማርሬ አላውቅም» አላት ስትነግረው።

«የተሸከምሁት እኔ ነኛ» አለችው።

የአዲስ አበባዋን ሐኪም መጀመሪያ ያየቻት ኅዳር ላይ ነው። ቢላዋ ስትጠብቅ ጥያቄ ወረደባት። ሌላ ልጅ ታስቢያለሽ? ክብደትሽ ይወጣል ይወርዳል? ምን መድኃኒት ትውጫለሽ? ሲጋራስ? አየሁሽ ሲጋራ አታጨስም፤ ጎረቤቷ ባለሱቋ ዘሊካ ቤት አልፎ አልፎ ሺሻ እንደምትስብ ግን አንገቷን ደፍታ ተናገረች።

«ከዛሬ ጀምሮ ይቅር» አለች ሐኪሟ። «ጭስ የሚስብ ሰው ቁስሉ እሺ ብሎ አይገጥምም። ለወገብሽ የምትውጪውንም ኪኒን ሳትነግሪኝ እንዳትወስጂ፣ ደም የሚያቀጥን አለበት። ደግሞ ይሄ ክብደት መቀነሻ አይደለም። ጡንቻውን ሰብስቤ እሰፋለሁ፣ የተረፈውን ቆዳ እቆርጣለሁ፣ ሌላ ተአምር የለኝም። ከዳሌ እስከ ዳሌ ጠባሳ ይኖርሻል። ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። ከእምብርትሽ በታችም ለወራት ደንዝዞ ይቆያል።»

አየሁሽ አንድ ነገር ልታስወግድ መጥታ ይህን ሁሉ ተሸክማ ልትመለስ መሆኑ ግራ አጋባት። ደሟም ሲመረመር አንሶ ተገኘና የብረት ኪኒን ተሰጥቷት ወደ ኮኪት ተመለሰች። ጥር ላይ ደሟ ሞላ፣ ሺሻውም ተረሳ፣ ተኛችና ተሠራላት።

ስትነቃ ሆዷ ላይ ሰው የቆመባት መሰላት። ከጎንና ከጎኗ ውሃና ደም የሚያወጡ ቀጫጭን ቱቦዎች ተንጠልጥለዋል፣ ወገቧ በሰፊ የላስቲክ ቀበቶ ተጠፍንጓል። በማግስቱ እፀገነት የምትባል ነርስ መጥታ «ተነሽ እንራመድ» ስትላት የምትቀልድባት መስሏት ነበር።

«ቀጥ እንዳትይ፣ ስፌቱ ይወጠራል። ጎንበስ ብለሽ ሂጂ» አለቻት እፀገነት ክንዷን ይዛ። «ግን ሂጂ። ለሳምንታት ከባድ ነገር አታነሺም፣ መተኛት ግን አይደለም። ከእንግዲህ አልጋ ጠላትሽ ነው። ውሃ ጠጪ። ካተኮሰሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ወይ አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠ፣ ነገ አትበዪ፤ ደውዪልኝ።» ስልኳን ሰጠቻት።

ቱቦዎቹ ሲወጡ አየሁሽ መቆየት አልቻለችም። ሐኪሟ «ለረጅም መንገድ ትንሽ ብትታገሺ» አለቻት፤ እሷ ግን እትዬ ሰርኬ ዘንድ የተወቻቸው መንትዮች ናፍቀዋት ነበር። እስከ ጎንደር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ። «በየመሃሉ ውረጂና ተራመጂ» ተብላለች። ሹፌሩ ግን መንገዱ ሳይዘጋ ልግባ ብሎ የትም አልቆመላት፤ እሷም ጉልበቷን አጥፋ እንደተቀመጠች ኮኪት ገባች።

እትዬ ሰርኬ ከመኪናው ስትወርድ አዩዋት። ሆዷ የለም። ክንዷ ላይ የታቀፈችው የለም። ጎንበስ ብላ፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ ትራመዳለች። እትዬ ሰርኬ አልጠየቋትም። አንገቷ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ፤ እንባቸው የአየሁሽን ትከሻ አራሰው። አየሁሽም የናፍቆት መስሏት አብራ አለቀሰች።

ግራ መጋባቱ የጀመረው በማግስቱ ነው። ገና በጠዋት በመሃሉ ቅቤ የተንጣለለበት ገንፎ መጣ። ከዚያ ሌላ ገንፎ። የሰፈሩ ሴቶች በእግራቸው ጣት እየረገጡ ይገባሉ፣ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ይላሉ፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፣ ይወጣሉ። አንድም ሰው ምን ሆነሽ አላላትም። አየሁሽ «ሸጋው ነግሯቸዋል ማለት ነው» ብላ ደወለችለት። እሱ ጎንደር ጋራዥ ትራክተሩን አስፈትቶ መለዋወጫ እየጠበቀ ነበር።

«ለነፍስ አልተነፈስሁም» አለ። «ምነው፣ ምን አሉሽ?»

«ምንም አላሉኝም። ገንፎ ነው የሚሉኝ።»

ዘሊካ ደግሞ መጋረጃውን ገልጣ ገባችና አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ባሏ ዑበይዳ ከሱዳን ሸቀጥ ያመጣል፤ አነጋገሯም ግማሹ ከወዲያ ማዶ ነው። «ኸላስ፣ የሆነው ሆኗል» አለቻት እጇን ይዛ። «ዱካን፣ የእንጨት ጭስ አዘጋጅልሻለሁ። ጉድጓዱ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ጭሱ ውስጥሽን ያደርቀዋል። ወላሂ እንደ ልጃገረድ ነው የምትሆኝ።»

ያ አዲስ ስፌት ከጭስ ጉድጓድ በላይ! አየሁሽ «ሐኪሟ ሙቀት ከልክላኛለች» ብላ በስንት ልመና ጭሱን አስቀረችው። ገንፎውን ግን ማስቀረት አልተቻለም። ልትራመድ ብድግ ስትል እትዬ ሰርኬ ትከሻዋን ይዘው ያስተኟታል። «አራስ አትቆምም፣ ነፋስ ይገባባታል።» ውሃ ስትጠይቅ «ውሃ ሆድ ይነፋል» ተብሎ አጥሚት ይቀርብላታል። ሐኪሟና እትዬ ሰርኬ የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በቀበቶው። «ሆዷን መጠፈሯስ ደግ አድርጋለች» አሉ አሮጊቷ ደስ እያላቸው። በዚያ ሙቀት ፈትታ ልትጥለው የቃጣትን ቀበቶ ሁለቱም ወገን ደግፎት ቀረ።

አራስ የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ እየቆየ ነው የገባት። የሁሉም ነገር ፍቺ የመጣው ግን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ሰርኬ በሰሊጥ ዘይት እግሯን እያሹ ሳሉ ነው።

«የእኔዋ ሴት ነበረች» አሉ ድንገት፣ ቀና ሳይሉ። «ሽንፋ እርሻ ሳለን። ክርስትና ሳትነሳ አንድ ቀን ትኩሳት መጣና ይዟት ሄደ። ክርስትና ላልተነሳ ሕፃን ለቅሶ አይቀመጡለትም። ባሌ በነጠላ ጠቅልሎ ወስዶ ቀበራት። እኔ በማግስቱ ማጭዴን ይዤ ሰሊጥ ወረድሁ። ጡቴ እየፈሰሰ። ‹እግዜር ያጥናሽ› ያለኝ አንድ ሰው የለም። ዛሬ ላንች ነው የምናገረው፣ አንች ስለምታውቂው።»

አየሁሽ አሁን ሁሉም ገባት፦ ገንፎው፣ የተመጠጠው ከንፈር፣ የማይጠየቀው ጥያቄ። ሰፈሩ በሙሉ በኦፕሬሽን ወልዳ ልጇ የሞተባት እናት አድርጓታል። ስለ ሞተ ሕፃን እናትን መጠየቅ ነውር ነውና ማንም አልጠየቀም፤ ማንም ስላልጠየቀ እሷም አላስተባበለችም። አሁን ልናገር ብላ አፏን ከፈተች። እትዬ ሰርኬ ግን እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። አንዲት አሮጊት ዕድሜዋን ሙሉ የደበቀችውን ሐዘን አውጥታ ስትሰጥሽ «ኧረ እኔስ የተቆረጠልኝ ቆዳ ነው» እንዴት ይባላል? አፏን መልሳ ዘጋች። ራሷን ጠላች።

ስለዚህ ተኛች። ብትነሳ እትዬ ሰርኬን የምታሳዝን፣ ብትተኛ ሐኪሟን የምታታልል እየመሰላት፣ የቱ እንደሚሻል መለየት አቅቷት ተኛች። እፀገነት ከአዲስ አበባ ደውላ «እየተራመድሽ ነው?» ስትላት፣ እትዬ ሰርኬ አጠገቧ ተቀምጠው ነበርና «አዎ፣ ደህና ነኝ» አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን እያወቀች ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስትነቃ ግራ እግሯ የሌላ ሰው ሆኖባታል። ባቷ አብጧል፣ ይግላል፣ ስትነካው ያማል። ቀኙ ያው ነው። እትዬ ሰርኬ ዘይታቸውን ይዘው ደረሱና አዩት። «የአራስ እግር ያብጣል» አሉ ተረጋግተው። «ደሙ ወደ ታች ወርዶ ነው። አሁን አሽቼ አወጣልሻለሁ።»

አየሁሽ ስልኳን አንስታ እፀገነት ዘንድ ደውላ እግሯ ማበጡን ነገረቻት።

«አንዱ ነው ሁለቱ?» አለች እፀገነት።

«ግራው ብቻ።»

«እየተራመድሽ ነበር? እውነቱን።»

«አልተራመድሁም። ተኝቼ ነው የሰነበትሁ።»

«ስሚኝ። ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ። ማንም እንዳያሽልሽ!»

እትዬ ሰርኬ ዘይቱን መዳፋቸው ላይ አፍስሰው እጃቸውን ወደ ባቷ ዘርግተዋል። አየሁሽ እጃቸውን ያዘች።

«እትዬ፣ አይንኩኝ። አልወለድሁም።»

«ምን አልሽ?»

«አልወለድሁም። እርጉዝም አልነበርሁ። ያ ሆድ የመንትዮቹ ቅሪት ነው። ‹ሰባት› ያልሁዎት ስለደከመኝ ነው። አዲስ አበባ የሄድሁት ሆዴን ላሰፋ ነው። ሐኪሟ ተራመጂ ብላኝ ነበር፣ አንቱን አፍሬ ተኛሁ። አሁን ደሜ እግሬ ውስጥ ረግቷል። እንዳልሞት እፈራለሁ።»

እትዬ ሰርኬ ዘይት የነካ እጃቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ፊታቸው ላይ ምን እንደሚመላለስ አየሁሽ ልትለይ አልቻለችም።

«የሞተ ልጅ የለም?» አሉ በመጨረሻ።

«የለም።»

«የለም… ተመስገን» አሉ። ተነሡ። ተመልሰው ተቀመጡ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ማንን ነው ያለቀስሁት?»

መልስ አልጠበቁም፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወጡና አስፋልቱ መሃል ቆመው፣ ማሽላ ጭኖ የሚያልፈውን አይሱዙ በሁለት እጃቸው አስቆሙት። ሹፌሩ ተቆጣ፤ እሳቸው ባሰ ተቆጡ። አየሁሽን ጋቢና አስገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። እስከ ሆስፒታሉ ድረስ እጇን ይዘዋት ሄዱ።

ደም እንደረጋ በምርመራ ተረጋገጠ። የሚያቀጥን መርፌ ጀመሩላት፣ ሐኪሙም «አንድ ሁለት ቀን ብትቆይ ኖሮ» ብሎ ጨርሶ ሳይናገር ተወው። ሸጋው ትራክተሩን እንደተፈታታ ትቶ በረረ። ሲሻላት ኪኒን አሸክመው፣ እንድትራመድ አስጠንቅቀው ሰደዷት። እትዬ ሰርኬ ግን ካደረሷት ቀን ወዲህ አልመጡም ነበር። አየሁሽ ቤቷ ከገባች በኋላም በራቸው ገርበብ እንዳለ ነው። ገንፎም ቀርቷል። ዳነች፣ ነገር ግን ያቺን አሮጊት እንዳጣቻት አወቀች፤ ይህ ከስፌቱ ይልቅ ያማት ነበር። ሆዷን በመስታወት ታያለች፦ ዝርግ፣ ጠባሳው ቀይ፣ ቢነኩት የማይሰማ። የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ ደስ ይበላት አይበላት ግን አላወቀችም።

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ ሰርኬ ናቸው። ገንፎ አልያዙም። ምርኩዛቸውን ይዘዋል።

«ተነሽ» አሉ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ…»

«ተነሽ ብየሻለሁ። ተራመጂ ተብለሽ የለም? እኔ አስተኝቼሻለሁ፣ እኔው አስነሳሻለሁ።»

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ። አየሁሽ ስፌቷ እንዳይወጠር ጎንበስ ብላለች፣ እትዬ ሰርኬ ዕድሜ አጉብጧቸዋል፤ ከኋላ ላያቸው ማን ማንን እንደሚደግፍ አይለይም። አየሁሽ ጆንያ የምትሸጥበትን መጋዘን አለፉ። ዘሊካ ሱቋን እየከፈተች ነበር። የእውነቱ ወሬ ገና አልደረሳትም። አየሁሽ ሆስፒታል ገብታ እንደነበር ብቻ ሰምታ፣ ሐዘኑ የጣላት መስሏት፣ ቁልፏን እንደያዘች ወደ መንገዱ ወጣችና ሌላው ሰው ሁሉ የዋጠውን ቃል አወጣችው።

«አየሁሽ እህቴ፣ ዝም ማለት አልቻልሁም። ለልጅሽ አላህ ጀነት ይስጣት። አላህ ያጥናሽ።»

አየሁሽ ቆመች። በቃኝ፣ ዛሬ ውሸቱ ያብቃ ብላ አፏን ከፈተች። ክንዷ ላይ የነበረው የአሮጊቷ እጅ ጠበቅ አደረጋት። ዞር ስትል እትዬ ሰርኬ ቀና ብለው ዘሊካን ያያሉ፤ ይህን ቃል ያኔ በሽንፋ ማንም አላላቸውም ነበር።

«አሜን» አሉ። «አሜን ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ።»

አየሁሽ አፏን ዘጋች። እትዬ ሰርኬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ምርኩዛቸውን ወደፊት አስቀደሙ። ቀስ እያሉ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄዱ።